የሳብሪን ሦስት ፕሮግራሞችና የአንዳርጋቸው መሰንቆ

ሳብሪን ኸድርን ያወቅኳት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት በሚሠራበት አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። እኔ የአረብኛ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። እሷ ፎቶ ታትማለች፣ አልነበብ ያለ ሲዲ ታስነብባለች፣ በሰው ስልክ ላይ ዘፈን ትጭናለች። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት ስትቀመጥ አላየኋትም። ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ሻይ ትጠጣለች፤ ደንበኛ እያወራት እንኳ ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታሉ። መጀመሪያ የሚያናድዳት ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ነው ጆሮዋ ውስጥ የማያባራ ዜማ እንዳለ የገባኝ።

አባቷ ኸድር በመተማ በኩል ተሻግረው የመጡ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጨርቅና ጫማ ይነግዳሉ። ሳብሪን ግን እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛውን ከቤት፣ አረብኛውን ከትምህርት ቤት ይዛ ሁለቱን በአንድ ንግግር ውስጥ ታጋባቸዋለች። ኦርግ መጫወት ያስተማራት ሰው የለም፤ ኦርግ ስል እናንተ ኪቦርድ የምትሉትን ነው። አባቷ ከከሰላ ያገለገለ አንድ አምጥተውላት ስትነካካው አደገች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት በሐበሻ ሰርግ ሁሉ፣ በሴቶቹ ድንኳን ውስጥ የምትጫወተው እሷ ሆነች።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2009 መግቢያ ላይ፣ አንድ ሰርግ ቤት ነው። የሙሽራው አክስት ተናኘወርቅ የሚባሉ፣ ከገንዳ ውኃ የመጡ ትልቅ ሴት ነበሩ። ሳብሪን የሱዳኑን ጨርሳ የጎንደሩን ስትጀምር ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ተነሡ። ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ትከሻቸውን አንዴ ሰበቁ፣ ሁለቴ ሰበቁ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ። የሩቅ ሰው ድምፅ እንደሚለይ ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሳብሪን አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከች። «እማማ፣ ምነው? አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም ልጄ፤» አሏት። «ዜማው ዜማችን ነው። ድምፁ ግን ትከሻ የለውም።»

እውነታቸውን ነበር። ኦርጉ ውስጥ ፋብሪካው የጫነው የዓረብ ቫዮሊንና ዋሽንት ነው። ሳብሪን በዚያ ቫዮሊን መሰንቆን ልታስመስል ስንት ዓመት ስትታገል ኖራለች፤ ሰዉም ለምዶት ዝም ብሎ ይጨፍር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እሷ ራሷ መስማት አቃታት። «ወላሂ ዳሊያ፣» አለችኝ በማግሥቱ፣ «አሁን ስጫወተው ፕላስቲክ የማኝክ ይመስለኛል።»

ኻርቱም የሚማር ወንድም ነበራት፣ አኑዋር የሚባል። ችግሯን በስልክ ብትነግረው «የምትፈልጊው ሳምፕለር ነው» ብሎ ሦስት ፕሮግራም የተቀዳበት ሲዲ ላከላት። እኔ ያኔ ሳምፕለር ምን እንደሆነ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፤ «የራሱ ድምፅ የለውም። የቀረጽሽውን ትሰጪዋለሽ፣ እሱ በኦርጉ ቁልፎች ላይ ይደለድልልሻል። የበር ሲጢጥታ ብትሰጪው በበር ሲጢጥታ ዜማ ትጫወቺበታለሽ።» ማለትም መሰንቆ ብትሰጪው መሰንቆ ይሆናል። ቀላል መሰለኝ።

ቀላል አልነበረም። ሦስቱን ፕሮግራሞች እየጫነች ስትሞክር ስም አወጣችላቸው። የመጀመሪያውን ሱልጣኑ አለችው፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በመቶ የሚቆጠር ድምፅ ይዞ የመጣ ነው፣ ነገር ግን የኛን ደካማ ኮምፒውተር እንደ ተራራ ይጫነዋል። ሁለተኛዋ ሙሽራዋ ነች፤ ገጽታዋ ያበራል፣ የሰጧትን ድምፅ ሁሉ አሳምራ በትንሽ ማስተጋቢያ አጥባ ትመልሳለች፣ በሁለት ደቂቃም ሥራ ትጀምራለች። ሦስተኛው አህያው ነው። ግራጫ ሳጥን፣ ረድፍ በረድፍ ቁጥር ብቻ። ማንኛውንም ነገር ይሸከማል፤ ግን እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው፣ በእጅ መጫን ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ አምስት ወር ሙሉ እረፍት አጣች። ጠዋት ሱልጣኑን ትጭናለች፣ ኮምፒውተሩ ይደርቃል፣ ታጠፋዋለች። ከሰዓት ሙሽራዋን ትጭናለች፣ ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ ትጠራጠራለች። አህያውን ከፍታ ቁጥሮቹን ስታይ ትዝላለች። ካህራባ የምንለው መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛውን በቡጢ ትመታለች፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ዘፈን ጀምራ አልጨረሰችም። ደንበኛ የሌላ ሰው ፎቶ ታትሞለት ተቆጥቶ የተመለሰበት ቀን ነበር። «አንዱን ያዥና ተገላገይ!» አልኳት። «የቱን?» አለችኝ፤ የምሯን ነበር የጠየቀችኝ።

መስከረም ላይ ከእናቷ ጋር ለዘመድ ጥየቃ ከሰላ ሄደች። እዚያ ኸሊል የሚባል፣ ትንሽ የመቅረጫ ክፍል ያለው፣ ጸጉሩ የሸበተ ባለሙያ አለ። ሦስቱን ፕሮግራሞች ዘርዝራ የትኛው እንደሚሻል እንዲነግራት ጠየቀችው። እንደነገረችኝ ከሆነ ኸሊል ሲጋራውን እያጨሰ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«በምን ፈተንሻቸው?» አላት።

«ውስጣቸው ባለው ድምፅ፣ ኡስታዝ። በፒያኖ፣ በዋሽንት…»

«የሚያምር ድምፅ ሁሉም ላይ ያምራል። በሚያስቸግርሽ ድምፅ ፈትኛቸው። የሚያስቸግርሽ ምንድነው?»

«መሰንቆ።»

«አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ሳብሪን፣ አምስት ወር ሙሉ ምን ስትመርጪ ነበር?»

ኸሊል ከመሳቢያው ትንሽ መቅረጫና አንድ ማይክሮፎን አውጥቶ በፎጣ ጠቀለለላት። «ሠርተሽ ስትጨርሺ መልሺልኝ» አላት።

የመኸሩ ወራት ነበር። ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞች ከጎንደር ቆላ ተሻግረው ባሱንዳ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያጭዳሉ። አባ ኸድርም በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ጫማና ብርድ ልብስ ጭነው ወደ ሠራተኞቹ ካምቦ ይሄዱ ነበርና ያን ዓመት ሳብሪን አብራቸው ሄደች። የሄዱበት ቀን ኅዳር ሚካኤል ነው። ክርስቲያኖቹ ሥራ ስለማይሠሩ ካምቦው ሞልቶ ነበር። አባ ኸድር ከሠራተኞቹ መካከል መሰንቆ የሚጫወተውን ያውቁታል፤ አንዳርጋቸው ይባላል፣ የአርማጭሆ ሰው፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ። መሰንቆውን ከአቧራ ለመከላከል በፌስታል ሸፍኖ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቅሎታል።

«ምን ልጫወትልሽ?» አላት ቃኝቶ ሲጨርስ።

«ምንም አይጫወቱ፣ አያ አንዳርጋቸው። ደጋኑን አንዴ ይግፉና ይተዉት። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«መጀመሪያ አንተ በይኝ፤ አያ ካልሽኝ ይበቃል። ደግሞስ አንድ ድምፅ ምን ያደርግልሻል? ከአንድ ፍሬ ሰሊጥ ዘይት ይወጣል?»

«አንተ አንድ አንድ እያልክ ብዙ ስጠኝ። ዘይቱን እኔ አወጣዋለሁ።»

ሳቀና ጀመረ። ግን አልቻለም። አንድ ድምፅ ብሎ የጀመረው ሳያስበው ወደ ጎረቤቱ ይንሸራተታል። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ትራክተር ያልፋል፣ ነፋሱ ማይክሮፎኑን ይመታል። አንዳርጋቸው በመጨረሻ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ጭራው ላይ አጥብቆ፣ እየገፋ ይሰጣት ጀመር። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። ደጋኑን ገፍቶ እዚያው መተው። የገፋውን መልሶ ካልሳበ እጁ አያርፍም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ሁለት ተቀረጸ፤ የሄደውና የተመለሰው። ሳብሪን የተመለሰውን ትርፍ ነው ብላ ቆጠረችው፤ ያም ሆኖ አልሰረዘችውም።

መቅረጫውን ስትጠቀልል አንዳርጋቸው እያያት፣ «አሁን ይሄ ድምፅ እኔ አገሬ ስገባ እዚህ ይቀራል?» አላት።

«ይቀራል።»

«ሰርግ ላይ ይጫወታል?»

«ኢንሻአላህ።»

መሰንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ለሌላ ሰው ሳታሰሚ እኔን አሰሚኝ። የኔ ነው ተብሎ የኔ ያልሆነ ነገር እንዳይወራ።»

ቃል ገባችለት።

ገዳሪፍ እንደተመለሰች ድምፆቹን ለሱልጣኑ ሰጠችው፤ ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ደረቀ፣ አራተኛ አልሞከረችም። አህያው ላይ አንድ ቁልፍ ለመጫን ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሙሽራዋ ግን ተቀበለቻቸው። ለአንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ብቻ ስለምትይዝ ሳብሪን የሄደውን ወስዳ የተመለሰውን ተወችው፤ በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። ጥር ላይ የምታገባ ሒያም የምትባል ጎረቤታችን ነበረች። ሰርጓ ላይ የምትጫወትላት ሳብሪን ነበረችና ሱቅ መጥታ መሰንቆውን ልስማ ብትል አላሰማቻትም፤ «ቆይ፣ ቃል አለብኝ» ብላ መለሰቻት። ለኔ እንኳ ያሰማችኝ ተሳስታ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫው ተነቅሎ። እኔ የሰማሁት መሰንቆ ነበር፣ ያውም የሚያምር። እንዲያ ስላት ጥፍሯን ትበላ ጀመር።

«አንድ ነገር ጎድሎታል» አለችኝ።

«ምን?»

«ባውቀው ኖሮ እተኛ ነበር።»

ሙሽራዋን አጥፍታ እንደገና ጫነቻት። ማስተጋቢያውን ቀነሰች፣ ጨመረች። አህያውን ከፈተች፣ ዘጋች። እንዲህ ስትባዝን ታኅሣሥ ተጋመሰ።

አንድ ረቡዕ አባ ኸድር ከባሱንዳ ተመለሱ። «ሠራተኛው ተሰናብቷል፤» አሉ። «አንዳርጋቸው ነገ በገላባት ድንበር ይሻገራል። ገናን ቤቱ ሊውል ነው።»

ሳብሪን ቀለሟ ተለወጠ። ሰውየው ስልክ የለውም፤ እስከሚቀጥለው መኸር አይመለስም፤ የሒያም ሰርግ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ሳታሰሚው ብትቀሪ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«እኔ» አለችና ኮምፒውተሩን መንቀል ጀመረች።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። ያኔ የነበረን ስክሪን ያ ወፍራሙ፣ ከኋላው እንደ ቀፎ የሚወጣው ዓይነት ነው። እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ፣ «በሽተኛው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ሳብሪን የኮምፒውተሩን ሳጥንና ድምፅ ማጉያውን በእግሯ መካከል ይዛ፣ ትንሹን ኦርግ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እስከ ዶካ ከተማ ድረስ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ባጋጠመን ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።

ገላባት ስንደርስ ቀትር አልፏል። አንዳርጋቸውን ከጓደኞቹ ጋር፣ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ጓዙ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ስታየው እየሮጠች ሄደች። እሱም መጀመሪያ ደነገጠ፤ «አባትሽ ደኅና ናቸው?» አለ። ለምን እንደመጣን ስትነግረው ብርድ ልብሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ዘኪያ የምትባል ሴት ጄኔሬተር ያለው ሻይ ቤት ነበራት። ቴሌቪዥኗን ነቅላ ሶኬቱን ሰጠችን።

ሳብሪን ሙሽራዋን ከፈተች። የአንቺሆዬ ዜማ ተጫወተች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

«ያምራል፤» አለ አንዳርጋቸው። «ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግማት ቀኝ እጁን አንሥቶ የሌለ ደጋን ይገፋ ጀመር። ገፋ፣ ገፋ፣ ክንዱ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ፤ እዚያው ቆመ።

«ልጄ፣» አላት፣ «እጄ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።»

«እንዴት?»

«ተመልከቺ። ደጋኑን ገፋሁ፤ ጫፉ ደረሰ። ከዚህ መመለስ አለብኝ። ያንቺው ግን እንደገና ከመነሻው ይገፋል። እንደገና ይገፋል። ስንት ክንድ ኖሮኝ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሳብሪን አልሳቀችም። ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና «ያ ረቢ» አለች ለራሷ። አንድ ወር ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ነገር ትርፍ ብላ ካስቀመጠችው ፋይል ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሙሽራዋ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ድምፅ አትይዝም። አህያው ይይዛል፤ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያፈራረቀ ያወጣል። ነገር ግን በእጅ፣ ቁጥር በቁጥር።

«ስንት ሰዓት አለህ?» አለችው።

«መሻገሪያው ሳይዘጋ መሄድ አለብኝ። ጓደኞቼም እየጠበቁኝ ነው።»

«እባክህ አያ አንዳርጋቸው።»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሂዱ፣ ድልድዩ ላይ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። ከዚያ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

እሱ እየሰማ ስለሚያርምላት የመጀመሪያው ቁልፍ ሃያ ደቂቃ ብቻ ወሰደ። ሁለተኛው አሥራ አምስት። ሦስተኛውን ልትጨርስ ስትል ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ፤ ነዳጅ አልቆ ነው። አላስቀመጠችውም ነበር። የሠራችው ሁሉ ጠፋ። ሳብሪን ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ዘኪያ ጀሪካን ይዛ ወጣች።

አንዳርጋቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰሊጥ ሲረግፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። «ታጭዶ ሳይነሣ ነፋስ ከመጣ ግማሹ መሬት ነው። ለረገፈው የቆመ አጫጅ አላየሁም፤ የቀረውን ነው የሚያነሣው። ከየት ነው የምትጀምሪው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው።»

መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጀመረች። አሁን ግን እጇ ለምዷል፤ በየቁልፉም ታስቀምጣለች። እሱ ጆሮውን ማጉያው ላይ አድርጎ «ይቺን ጥቂት ዝቅ» ይላታል፤ እሷ ቁጥሩን ቀንሳ ዝቅ ታደርጋለች፤ «በቃ፣ እሷ ናት» ይላል። ጥላው ከመንገዱ ማዶ ሲደርስ አምስት ድምፅ ተጠናቀቀ። ለአንቺሆዬ አምስት ይበቃል። ተጫወተችለት። እጁን አነሣ። ክንዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ዘኪያ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ትከሻዋን ሰበቀች፣ ከዚያ አፍራ አፏን ሸፈነች።

ድልድዩ ድረስ ሸኘነው። ጓዙን ተሸክሞ፣ መሰንቆውን አንግቶ ሲሰናበት፣ «እኔ በሌለሁበት ይጫወት፤» አላት። «እኔ ባለሁበት ግን ዝም ይበል። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ያን ማታ ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ሱልጣኑንና ሙሽራዋን መሰረዝ ነው።

የሒያም ሰርግ ላይ የሆነውን ገዳሪፍ ያለ ሐበሻ ረጅም ጊዜ አውርቶታል። መሰንቆው ሲጀምር ወንዶቹ ሳይቀሩ ከድንኳናቸው መጡ። አንድ የጎንደር ሽማግሌ ሽልማት ይዘው አዝማሪውን ፍለጋ መጋረጃውን ገለጡ። በእጃቸው የያዙትን ብር የሚለጥፉበት ግንባር አጡ። ኮምፒውተሩን አዩ፣ ከኋላው አዩ፣ «ሰውየውስ?» ብለው ጠየቁ። ሳብሪን ፊቷ ቀላ። ማይክሮፎኑን አንሥታ፣ «የምትሰሙት የአርማጭሆው አንዳርጋቸው እጅ ነው፤ እሱ አገሩ ገብቷል» አለች። ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሰርግ ሁሉ ሳትጀምር ይህን ትናገራለች። በሚቀጥለው መኸር አንዳርጋቸው ሲመጣ ሰዎች በስሙ ፈልገው ይጠሩት ጀመር፤ እሱ የተገኘበት ሰርግ ላይ ሳብሪን የሱዳኑን ብቻ ተጫውታ ለጎንደሩ እጇን ትሰበስባለች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆመው ደስ ባለኝ። ግን የኔ ጥፋት አለበት።

በ2011 አንድ ቀን ሳብሪን በሌለችበት አንድ የኦርግ ተጫዋች ሱቅ መጣ። «ሳብሪን የመሰንቆውን ፋይል ልትሰጠኝ ተስማምታለች» ብሎ ፍላሽ ዘረጋልኝ። ደንበኛችን ነው፤ ሳልጠይቃት ቀዳሁለት። ስድስት ወር ሳይሞላ ያ መሰንቆ ከሁሉም ቦታ ይሰማ ጀመር። ረክሻ በምንለው ባጃጅ ውስጥ፣ ፉል ቤት ውስጥ፣ ከሰላ በሚወጣ ካሴት ላይ። የአንዳርጋቸውን ስም የሚያነሣ የለም። ሳብሪን ከየት እንደወጣ ግራ ገብቷት ነበር፤ እኔ ፈርቼ አልነገርኳትም።

ሰውየው ራሱ ሰምቶት መጣ። የአውቶቡስ ሬዲዮ ላይ ነበር የሰማው፣ ዶካ ላይ። ሱቃችን በር ቆሞ፣ «ሳብሪን፣ ሳልነካው ተጫወትኩ፤» አላት። «የማላውቀው ሰው ከኔ እጅ በላይ ይዘፍናል። ድልድዩ ላይ የተባባልነውን ለሱ ማን ነገረው?»

ሳብሪን ወደኔ ዞረች። እኔ ተነሥቼ «ፋይሉን የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አልኩ። አንዳርጋቸው አየኝና ቁጣውን ዋጠው፤ እሷ ግን አልዋጠችውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ እየሠራች ከደንበኛ ጋር ብቻ ታወራ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ወር ሳብሪን አንዳርጋቸውን ይዛ ከሰላ፣ ኸሊል ዘንድ ሄደች። ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ዘፈን፣ ከነድምፁ፣ ስሙና ፎቶው ሽፋኑ ላይ ያለበት ሲዲ ቀረጹ። ገዳሪፍና መተማ ላይ ደኅና ተሸጠ። የተሰረቀው ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ።

ሳብሪን ከዚያ ወዲያ ገዳሪፍ አልረጋችም። በ2013 ኸሊል ዘንድ ሥራ ያዘች። ከሄደች ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለችልኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ዳሊያ፣ ወረቀት ጻፊልኝ። ድምፁን የሰጠኝ ሰው ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደማይፈቅድ የሚል። በአረብኛም በአማርኛም። አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»

ለምን እኔ እንደሆንኩ አልጠየቅኳትም። ሦስት ቀን ደክሜ ጻፍኩት፤ ራሴው ይዤው ከሰላ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ ዘሐራ የምትባል ደሉካ መቺ ነበረች፤ ደሉካ በሱዳን ሰርግ ሴቶች የሚመቱት የሸክላ ከበሮ ነው። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«እዚያ ጋ 'ለማንኛውም ሰርግ' ያልሽውን አውጪው፤» አለች። «የባሌ ሁለተኛ ሰርግ ላይ እንዲመታ አልፈልግም።»

ሳብሪን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከክፍሉ ወጣች። እኔ እስክሪብቶዬን አንሥቼ መስመሩን ሰረዝኩና እንደገና ጻፍኩት።